ሰባት ዓመት ያላበበው ካሜሊያ

የሚስቴ አባት ሙያዬን የናቀው በሠርጌ ዕለት ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ «ፀጉር አስተካካይ ነኝ ነው ያልከው? ፀጉር እኮ በራሱ ነው የሚያድገው!» አለኝ። አጠገቡ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሙሽራ ምን ይላል? እሱ በማግስቱ ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት አልፎም ሳህኑ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ሳይቀር አስታውሰዋለሁ።

በፊቱ «እርስዎ» እለዋለሁ። በሆዴ ግን «እሱ» ነው፤ ይህን የምተርከው ከሆዴ ስለሆነ «እሱ» እያልኩ ልቀጥል። አማቴ ሰላሳ አንድ ዓመት በከተማው መናፈሻ ውስጥ አትክልተኛ ነበር። ጡረታ ሲወጣ አንድ የምስጋና ወረቀትና አንድ የውሃ ማጠጫ ሰጡት። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ማጠጫውን ግን የገዛ ልጁ ሁለት ጊዜ ብትለምነው እንኳ ለአንድ ቀን አላዋሳትም። አልጋው ሥር ነው የሚያስቀምጠው። እሱ ራሱ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሚኖር የሚያጠጣው ነገር የለውም፤ ግን ማጠጫው የሱ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ አሁን ያለንበት ቤት ገባን። ሁለት ክፍል አለው፤ ሦስተኛዋን ክፍል መቁጠር ያሳፍራል። ከፊቱ ደግሞ የጠረጴዛ ልብስ የምታህል ግቢ አለች። ለአዲስ ቤት ሰው መጋረጃ ያመጣል፣ ድስት ያመጣል። አማቴ ግን ቆርቆሮ ውስጥ የቆመ፣ ጉልበቴን የማይደርስ ቁጥቋጦ ታቅፎ መጣ።

«ካሜሊያ ይባላል» አለ። «የሻይ ተክል ዘመድ ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። ብርዱ ገብቶ ሌላው ሁሉ ሲኮማተር፣ እሱ ያኔ ነው የሚያብበው። አበባው ቀይ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሰው ቢያይ ሕፃን የሚያስተኛ ነበር የሚመስለው። የግቢያችንን አፈር በጣቶቹ አሽቶ አሸተተ። ፊቱን አጨፈገገ። የሰው ቤት መጥቶ አፈር እያሸተተ ፊቱን የሚያጨፈግግ እንግዳ እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር። ከግድግዳው አራቀው፣ ኖራ አይስማማውም ብሎ። የዝናብ ውሃ ከምናጠራቅምበት በርሜል አጠገብ ጉድጓድ ሲቆፍር ግማሽ ቀን ፈጀ። «አንገቱን አትቅበሩት፣ ይታፈናል» አለ። «የተፈላ የሻይ ቅጠል አትድፉ፣ ሥሩ ላይ በትኑለት» አለ። ዘመዱን በዘመዱ የሚቀልብ አትክልተኛ! ባለቤቴ ግን የተናገረውን ሁሉ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር።

ሲጨርስ እጁን ታጠበና ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ደግሞ መቀስህን ከሱ አርቅ» አለኝ።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ምክር ይለዋል። እኔ ሁለተኛው ስድብ ነው ብዬ ከመጀመሪያው አጠገብ አስቀመጥኩት።

የመጀመሪያው ዓመት ዝናብ ሲያባራ ቁጥቋጦው አዳዲስ ቅርንጫፍ አውጥቶ ነበር፤ አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ መንገድ፣ አንዱ ወደ በርሜሉ። ፀጉር ቤቴ ከቤቴ ሰላሳ እርምጃ አይርቅም። ደንበኞቼ በግቢዬ በኩል ነው የሚያልፉት። በፀጉር አስተካካይ ግቢ ውስጥ ያልተበጠረ ጎፈሬ ቆሞ ሲያዩ ምን ይላሉ? ትልቁን መቀስ አምጥቼ አሳምሬ ከረከምኩት። ዞሬ ዞሬ አየሁት። እንደ ኳስ ድቡልቡል ብሏል፤ አንዷ ቅጠል ከሌላዋ አትበልጥም። መንገደኛ ቆሞ «የማን ሥራ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የኔ ነዋ!

ብርዱ ገባ፤ አበባ የለም። አማቴ መጣ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ድቡልቡሉን አየ፣ «እህ» አለና ሻይ ሊጠጣ ገባ። በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ሲያባራ ከረከምኩት፣ በብርዱ አላበበም፣ «እህ» አለ። በሦስተኛውም እንደዚያው። ሰላሳ አንድ ዓመት አትክልተኛ የነበረ ሰው ለልጁ መርጦ መርጦ መካን ቁጥቋጦ ሰጣት ማለት ነው። ይህን ለደንበኞቼ ስነግራቸው ወንበሩ ላይ እየተንፈራፈሩ ይስቁ ነበር። «የአማትህ አበባ እንዴት ነው?» ይሉኛል። «እንደ አማቴ ነው» እላለሁ፤ «ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ለብሶ ዝም!» የመናፈሻው የሥራ ልብስ አረንጓዴ ነበርና።

ታዲያ በእነዚህ ዓመታት የአማቴ ጉልበት እየደከመ ሄደ። ባለቤቴ የተማሪዎች የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስትሰፋ ትውልና ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ አባቷ ትሄዳለች። አትክልቱን፣ ዳቦውን፣ መድኃኒቱን ተሸክማ አራት ፎቅ ትወጣለች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ወደቀ። በዓመቱ ደገመው። «አባዬ፣ እኛ ጋ ና» ብላ ለመነችው። ያቺን የማትቆጠር ክፍል ልትሰጠው ነው። አሮጌ የፀጉር ቤት ወንበሬ፣ የተሰበረ መስታወቴና ሌላው ኮተቴ ያለው እዚያ ነው።

እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ካሜሊያው ሲያብብ እመጣለሁ።»

ባለቤቴ የቀለደ መሰላት። አባቷ ግን በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀለደው፤ እሱም በኔ ላይ ነው። ደጋግማ ብትጠይቀው መልሱ ያው ነው። «ሲያብብ እመጣለሁ፣ ካላበበ አልመጣም። ተይኝ በቃ።»

እኔ ከአንገት በላይ «ምን ችግር አለው፣ ይምጡ፤ ቤታቸው ነው» እላት ነበር። በሆዴ ግን ጠዋት ጠዋት ግቢዬ ውስጥ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲንጎራደድ ይታየኛል። ቁርስ ላይ «ፀጉር እኮ በራሱ ነው የሚያድገው» ሲለኝ ይሰማኛል። እንግዲህ ቁጥቋጦው መካን ነው፤ እሱም ቃሉን አያጥፍም። መምጣቱ ላም አለኝ በሰማይ ነው ብዬ እፎይ አልኩ።

እፎይታዬን ያበላሸው አንድ ደንበኛ ነው። ችግኝ ጣቢያ የሚሠራ፣ ጆሮው ውስጥ ሳይቀር አፈር ያለው ሰው ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ሊያባራ ሲል መጥቶ ተቀመጠ፤ እኔም እንደ ልማዴ የመካኑን ቁጥቋጦ ወሬ ጀመርኩለት። አልሳቀም።

«መቼ ነው የምትከረክመው?» አለኝ።

«ዝናቡ እንዳባራ ነዋ! ልክ በዚህ ሰሞን።»

«ወንድሜ» አለ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ፣ «እንግዲያው አበባውን የምትቆርጠው አንተው ነህ። ካሜሊያ አበባውን የሚቋጥረው ከብርዱ ብዙ ቀድሞ ነው፣ በዝናቡ ወራት። ሄደህ ጫፍ ጫፉን እይ። ሹል ሹሉ ቅጠል የሚሆን ነው። ክብ ክቡ ደግሞ አበባ ነው። መከርከም ካማረህ አበባው እንደረገፈ ወዲያው ከርክም፤ ከዚያ ወዲያ እጅህን ሰብስብ።»

ቶንዶሱን አጠፋሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ከረከምኩ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳቅሁ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አሳቅሁ።

«አትክልተኛ አማት አለኝ ትል የለ እንዴ? አልነገሩህም?» አለኝ ሰውየው።

ነግሮኛል። መቀስህን አርቅ ብሎኛል። ይህን ለደንበኛ አይናገሩትም።

ቤት ሄጄ ቁጥቋጦውን አየሁት። ደረቴ ድረስ ደርሷል። በየቅርንጫፉ ጫፍ፣ በሹሎቹ መካከል፣ ሽምብራ የሚያካክሉ ክብ ክብ እምቡጦች ሞልተዋል። እስከ መቶ ቆጥሬ ተውኩት። አንዱን በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ ቀይ ነው።

በዚያው ሳምንት አማቴ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ መነሳት አቅቶት፣ ባለቤቴ ከሥራ ወጥታ እስክትደርስ ድረስ ዋለ። ሰው ሲያልፍ «እያረፍኩ ነው» እያለ ያሳልፈው ነበር አሉ። ትዕቢቱ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ቤት ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠችና አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ አየችኝ።

«ዘንድሮ አትከርክመው» አለችኝ። «አንድ ዓመት ብቻ። ምናልባት መቀሱ ይሆናል የማይስማማው። ለኔ ስትል።»

«አንቺ ብለሽኝ ነው?» አልኳት። «አልከረክመውም።» አቀፈችኝ።

አሁን የምናገረውን ማንም አላስገደደኝም። ግን ሌላ ሰው ላይ ስስቅ ኖሬ የራሴን ብደብቅ አያምርብኝም።

ዕድሜያቸው ገፍቶ ፀጉራቸውን መቀባት የማይወዱ ደንበኞች አሉኝ። ጥቁሩ ሳይነካ ሽበቱ ብቻ አንድ በአንድ ከሥሩ እንዲለቀምላቸው ይፈልጋሉ። ለዚህ ሥራ ጫፏ እንደ መርፌ የቀጠነ ትንሽ መቀስ አለችኝ። በዚህ ከተማ ሽበት እንደኔ የሚለቅም የለም፤ ካለ ይምጣና ይወዳደረኝ። ባለቤቴ ወደ ሥራ ስትሄድ፣ ፀጉር ቤቱን ሳልከፍት፣ ያቺን መቀስ ይዤ ካሜሊያው ፊት ተንበረከክሁ። ደንበኛ አንገት ላይ የማስረውን ጨርቅ ሥሩ ላይ አነጠፍኩ። ሹሉን ተውኩ፣ ክቡን ለቀምኩ። ሁለት ጠዋት ፈጀብኝ። አንዲት ቅጠል አልነካሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ ምስኪን ቁጥቋጦ ምን ይጠርጥር? ከሩቅ ለሚያየው መቀስ ያልነካው ሙሉ ጎፈሬ ነው። እምቡጡን በጨርቁ ጠቅልዬ ወሰድኩና ፀጉር ቤቴ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ፣ ከተቆረጠ ፀጉር ሥር፣ ቀበርኩት።

አትከርክመው ነው ያለችኝ። አልከረከምኩም። እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ የኔ ነገር እንዲህ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሥራው አኮራኝ። ከሠራሁት ሁሉ የጠራው ያ ነበር፤ ለማንም ማሳየት አለመቻሌ ነው ያናደደኝ።

ባለቤቴ በየጠዋቱ ከበርሜሉ ውሃ እየቀዳች ታጠጣው ነበር። «ቅጠሉ ዘንድሮ ሲያብረቀርቅ አየኸው?» ትለኛለች። «አየሁት» እላለሁ። የሻይ ቅጠሉን ትበትንለታለች። ጎንበስ ብላ ታናግረዋለች። እኔ ጥርሴን እየቦረሽኩ በመስኮት አያታለሁ።

ብርዱ ገባ። አንድ ጠዋት ከግቢ ጩኸቷን ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ በርሜሉን ታቅፋ ቆማለች። ከበርሜሉ ጀርባ፣ መሬት ለመሬት ሄዳ ብቅ ያለች አንዲት ቅርንጫፍ አለች፤ እኔ ያላየኋት፣ እጄም የማይደርስባት። ጫፏ ላይ የሻይ ሲኒ አፍ የሚያህል ቀይ አበባ ፈክቷል።

«አበበ!» ትላለች። «አበበ እኮ! አየኸው?» ስልኳን አወጣች። «አባዬ! አበበ! ቃልህ ቃል ነው፤ ዛሬውኑ ነው የምትመጣው!»

ያን ቀን ሥራ አልገባችም። እኔንም ፀጉር ቤቱን አላስከፈተችኝም። ያቺን ክፍል ባዶ አደረገቻት። አሮጌው ወንበሬ ከነተሰበረ መስታወቴ ግቢ ውስጥ ተጣለ። ግድግዳው ታጠበ፣ አልጋው ተነጠፈ። ከሰዓት በኋላ ታክሲ በር ላይ ቆመና አማቴ በከዘራው ተደግፎ ወረደ። በአንድ እጁ አንዲት ሻንጣ ይዟል። ባለ ታክሲው ከኋላው የውሃ ማጠጫውን ይዞለት ወረደ።

ማጠጫውን ሳይ ሊኖር እንደመጣ ገባኝ።

በቀጥታ ወደ ካሜሊያው ሄደ። ከበርሜሉ ጀርባ ጎንበስ ብሎ አበባዋን አየ፤ ፈገግ አለ። ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ መነጽሩን አደረገ። አንድ ቅርንጫፍ ያዘና ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ቀጣዩን ያዘ፣ ዳሰሰ። እምቡጡ የነበረበት ቦታ ላይ የደረቀች፣ የክብሪት ጫፍ የምታህል ቡናማ ጉጥ ቀርታለች። ውርጭ ያረገፈው እንደዚያ አይሆንም፤ ትልም የበላው እንደዚያ አይሆንም። እንደዚያ አድርጎ የሚቆርጥ ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ የኔ ትንሽ መቀስ። ከዘራውን እየተከለ ቁጥቋጦውን ዙሪያውን ዞረው። አንድም ጫፍ ሳይዳስስ አላለፈም። ፈገግታው ከፊቱ ላይ መቼ እንደጠፋ አላየሁም።

«አባዬ» አለች ባለቤቴ፣ «ምነው አንድ ብቻ ሆነ? ዘንድሮ እኮ መቀስ አልነካውም። ሌላው የት ሄደ?»

እጅ ከፍንጅ መያዝ ማለት ይህ ነው። ቀና ብሎ ፊቴን አላየኝም። የቀኝ እጄን ነው ያየው። ከኪሴ ከትቼው ነበር፤ ኪሴን አየ። አንድ ቃል ይበቃዋል። ልጁ ያንን ቃል ከሰማች እዚያ ቤት ውስጥ የማድር አይመስለኝም።

«ወፍ ነው» አሉ።

አሉ። ከዚህ በኋላ በሆዴም «እሱ» ማለት አልቻልኩም።

«ወፍ እምቡጥ ይበላል እንዴ?» አለች።

«ይበላል። ክብ ክቡን እየመረጠ ይበላል።»

ስለ ተክል አባቷ የተናገሩትን ተጠራጥራ አታውቅም። «የታባታቸው!» ብላ ወፎቹን ሰደበቻቸው። ከዚያ ሻንጣቸውን አንስታ ወደተዘጋጀችው ክፍል ልትገባ ስትል እጇን ያዟት።

«ተይው። እኔ ሲያብብ ነው ያልኩሽ። አንድ አበባ አበበ አይባልም።»

ለመነቻቸው፣ ተቆጣቻቸው፣ አለቀሰች። የተነጠፈውን አልጋ አሳየቻቸው። አልጋውን መዳፋቸውን አሳርፈው ዳበሱት፣ «ጥሩ ነው» አሉ፣ ሻይ ጠጡ፣ ተነሱ። እሷ ታክሲ ልትጠራ ወደ መንገድ ስትወጣ እኔና እሳቸው በሩ ጋ ቀረን። ሻንጣውን ይዤላቸዋለሁ።

«ጥሩ እጅ አለህ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ሠራተኛ ለሠራተኛ ሲናገር እንደሚናገረው ነው። «አንዲት ቅጠል አልነካህም። እኔ ሰላሳ አንድ ዓመት ስሠራ እንደዚያ ጥርት አድርጌ ቆርጬ አላውቅም። ሠርግህ ላይ ስለ ሙያህ አንድ ነገር ብዬህ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።»

ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። እንዲህ ሆኖ መጣልኝ። «አባባ...» አልኩ። ታክሲው ደረሰ። ባለቤቴ ደግፋ አስገባቻቸው፤ አራቱን ፎቅ ደግፋ ልታወጣቸው አብራቸው ሄደች። ማጠጫውን በርሜሉ አጠገብ ትተውት ሄዱ። ረስተውት እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የካሜሊያ ቀልድ ፀጉር ቤቴ ውስጥ አይነሳም። ደንበኛ ሲያነሳብኝ ቶንዶሱን አበራለሁ። ያቺ ትንሽ መቀስ መሳቢያ ውስጥ ናት፤ ሽበት አስለቃሚዎቹን ወደ ሌላ ፀጉር ቤት እየላክኋቸው ነው።

ባለቤቴ ወፍ ማባረር ይዛለች። ግቢ ውስጥ የተጣለው መስታወቴ ስብርባሪዎች በክር ታስረው እንዲንጠለጠሉ ፈለገች፤ ብርሃኑ ያስደነግጣቸዋል ብላ። እኔ ነኝ ያንጠለጠልኳቸው። በየቅርንጫፉ አንድ አንድ፣ ቅጠሉን ሳልነካ፣ ጥርት አድርጌ አሰርኳቸው። በሳቸው ማጠጫ ጎንበስ ብዬ ሳጠጣ በሁሉም ውስጥ ፊቴን አያለሁ። ድንቢጦቹ በአጥራችን በኩል ማለፍ አቁመዋል። እሷ በየቀኑ ከሥራ ወጥታ አራቱን ፎቅ ወጥታ ወርዳ፣ ወገቧን ይዛ ትመጣና ግቢ ውስጥ ቆም ትላለች።

«የሚመጣው ዓመት ነው እንግዲህ» ትለኛለች። «ወፎቹን ብቻ ጠብቅልኝ።»

እሺ እላታለሁ።